በፈረስ ስንት ቀን ነው?

ትምህርት ቤት የተዘጋ ዕለት ልጄ እያለቀሰች ገባች፤ እኔ በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ በሦስት ቀለም የተጻፈ ወረቀት ለጥፋለች፤ ጥናት፣ ክለሳ፣ ብሔራዊ ፈተና፣ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙላት፣ ምደባ ይላል። ከምደባው አጠገብ ትንሽ ሻንጣ ሥላበታለች። እኔ በቀለም በተጻፈ ዕቅድ አላምንም፤ ወረቀቱን የለጠፈች ዕለትም ነግሬያታለሁ። ከዚያ ኮሮና መጣና የእኔ ነገር እውነት ሆነ። ትክክል ሆኜ እንደዚያ ሰሞን የተጠላሁበት ጊዜ አላስታውስም።

ካርታ ላይ ከተማችን እንጅባራ ናት፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ቆሰበር እንላታለን። ቆሰበር ውስጥ የምታወቀው ሰው ቀኝ ሲል ግራ በማለት ነው። ለሃያ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፤ የተረፈኝን ጊዜ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ በማንበብና ካነበብኩት ጋር በመጨቃጨቅ አሳልፌዋለሁ። መደርደሪያዬ ላይ ስለ ድሮ ወረርሽኞች የተጻፉ መጻሕፍት ስለነበሩ ጎረቤቶቼ ያን ሰሞን እንደ አዋቂ ያዩኝ ጀመር። ከመጻሕፍቱ የቀረልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በየትኛውም ዘመን በሽታ ሲገባ ሰው መጀመሪያ ይክዳል፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን ይጠረጥራል፣ ቀጥሎ ዕቅድ ያወጣል። በእኛ ሰፈር ሦስቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ተጠናቀቁ።

ወላጆች በቴሌግራም ተሰባሰቡ። መምህራን የደብተር ገጽ ፎቶ እያነሱ ይልካሉ። ፎቶው በእኛ ግቢ ውስጥ የሚወርደው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ከቀርከሃው አጥር ጥግ። ዝናቡ ሲጀምር ልጄ ጃንጥላ ይዛ እዚያ ጥግ ትቆማለች፤ አንዳንዴ አንድ ገጽ ፊዚክስ እስኪወርድ ጫማዋ ውሃ ይሞላል። የሚያስቅ ነገር ነበረው። አልሳቅኩም፤ አንድ ቀን ብቻ ሳቅኩና ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

የወላጆቹ ዕቅድ ሁሉ አንድ ነበር፤ ልጁ ሐኪም እንዲሆን። በሽታ አገሩን ይዞታልና ሐኪም መሆን ነው ይላሉ፣ ልጆቻቸው ለምርቃት እስኪደርሱ በሽታው ቁጭ ብሎ የሚጠብቃቸው ይመስል። ባለቤቴም ከዚህ ወገን ነበር። እሱ እህል ነጋዴ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ጫግኒ ላይ ተይዞ ቀረና በስልክ ብቻ ነበር የሚያስተዳድረን። ስልኩን ባነሳች ቁጥር ልጁን "ዶክተርዬ" ይላታል።

ልጄ ግን መማር የምትፈልገው ስለ ውሃ ነበር። ውሃ ለመማር ከቆሰበር መውጣት አያስፈልግም፣ በር መክፈት ይበቃል ብዬ አሾፍኩባት።

"እዚህ ውሃ ይወርዳል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ ማን ይጠይቃል፣ እማ?" አለችኝ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ መልስ ሳጣ ደግሞ ሰውን ማክበር እጀምራለሁ። ነገሩ ሥር እንዳለው ያን ጊዜ ገባኝ። ዘንገና ሐይቅ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አያቷ ዘንድ በሄደች ቁጥር ታየዋለች። ክብ ነው፤ የሚገባበት ወንዝ አይታይም፣ የሚወጣበትም አይታይም፣ ግን አይደርቅም። ይህ ሲያስደንቃት ኖሮ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ደግሞ አርባ ምንጭ ላይ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተው አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ሰማያዊ መሆናቸውን ነገራት። አለቀ። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት የትም ቢሆን ተመሳሳይ ነው፤ ስለዚህ ልጅ በምርጫ ቅጹ ላይ የሚመርጠው ቦታውን ነው። የእሷ ቦታ አርባ ምንጭ ነበር። ካርታ ላይ ጣቴን ከቆሰበር አስነስቼ እስኪደርስ ድረስ አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያልፈው ምንም አልቀረውም።

እኔ አልከለክልም። አባቷም በሁለት ሳምንት ኩርፊያ ይለዝባል። የሚያስጨንቀን ሌላ ሰው ነበር፤ አባቴ። አባቴ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በፈረስ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ማንንም አስገድደው አያውቁም። ግን ያለ እሳቸው ምርቃት ከቤታችን ሰው ለትልቅ ጉዳይ ወጥቶ አያውቅም፤ ልጄም አባባ ሳይመርቁኝ አልሄድም አለች። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚያስብ ልጅ ስለ ምርቃት ምን አስጨነቀው የሚል ካለ፣ አባቴን አያውቃቸውም።

መንገዱ የተዘጋ ሰሞን ከተማችን መኪና አይገባባትም፣ መኪና አይወጣባትም ነበር። ገበያም ቆመ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአጥሩ ውጭ ኮቴ ሰማን። አባቴ በዳማ ፈረሳቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከኋላቸው አንድ ጆንያ ድንች አስጭነው ግቢ ገቡ። ማስክ የለም፤ የጋቢያቸውን ጫፍ በአፍንጫቸው ላይ አድርገዋል። ልጄ ለመሳም ስትሮጥ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። ራዲዮው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ ብሏል።

ውረዱ፣ ግቡ፣ ራቅ ብለን እንቀመጣለን አልኳቸው። አልወርድም አሉ። ከፈረስ ላይ ከሆኑ ርቀቱ የተጠበቀ ነው።

"እሱ ወደ ጎን ነው አባባ፣ ወደ ላይ አይደለም" አለች ልጄ።

"በሽታው ወደ ላይ ይወጣል አሉ እንዴ?"

"አላሉም።"

"እንግዲያ እዚህ ነኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ በየቅዳሜው ይመጣሉ፤ ድንች፣ ገብስ፣ አንዳንዴም ማር ያመጣሉ፤ ከኮርቻቸው ሳይወርዱ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ይጨዋወታሉ። እኛ ከታች በርጩማ ላይ ተቀምጠን አንገታችንን ቀና እናደርጋለን። ፈረሱ የአጥሩን ቀርከሃ ቅጠል ይበላል። ጎረቤቶች መጀመሪያ ሳቁ፣ በኋላ ላይ ግን በየአጥራቸው ሥር ሆነው ማዳመጥ ያዙ። ያን ጊዜ በመላው ዓለም ሊቃውንት ስለ ርቀት አጠባበቅ ብዙ ጽፈዋል፤ ብዙውን አንብቤያለሁ። ከአባቴ የተሻለ መላ አላገኘሁም።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቅዳሜ ወሬው የጎረቤታችን ልጅ ላይ ወደቀ። ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ነው። ተማሪዎች ሁሉ ወደ ቤታችሁ ሲባሉ እሱ መኪና አጥቶ፣ ከአንዱ ከተማ ወደ አንዱ ሲንገላታ ቆይቶ፣ ከስቶ ገባ። አባቴ ይህን ሰሙ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው የአንቺስ ትምህርት እንዴት ይሆናል አሏት። እሷም አስረዳቻቸው፤ ፈተና አለ፣ ከፈተናው በኋላ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል መርጦ መሙላት አለ፣ ከዚያ ምደባ አለ። አርባ ምንጭን አልጠራችም፤ ዓይኗ ግን ወደ እኔ ሄደ።

አባቴ አንድ ጊዜ የተዘጋ መንገድ ሁለተኛም ይዘጋል አሉ። ከዚያ የእያንዳንዱን ቦታ መንገድ በፈረስ ይቆጥሩ ጀመር። እዚሁ ቆሰበር ከሆነ ምንም አይደል። ዳንግላ፣ ጠዋት ተነስቶ ማታ ነው። ባሕር ዳር፣ መንገድ ላይ ሁለት ሌሊት ማደር። ማርቆስ፣ ሦስት። ጎንደር አንድ ሳምንት ነው፤ ግን መንገዱን ያውቁታል፣ በወጣትነታቸው ሄደውበታል። በጫግኒ በኩል ቆላ ነው፤ ገንዲ የሚባለው በሽታ ከብቱንም ፈረሱንም ይጨርሳል፤ በዚያ አይሞከርም።

ልጄ በርጩማዋን ይዛ ተነሳችና ወደ ቤት ገባች። ፊቷን አላየሁም፤ ማየት አላስፈለገኝም።

የምናገረው ስለ ራሴም ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት ዳንግላ ነው፣ ቤት ተከራይቼ። በየአሥራ አምስት ቀኑ አባቴ በፈረስ ስንቅ ያመጡልኝ ነበር፤ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ድንች። አውራ መንገዱ ላይ መኪና ነበር፤ እሳቸው ግን መኪና ሌላ ሰው የሚነዳው ነገር ነው ይላሉ። ፈተናው ጥሩ ሆነልኝና ለመምረጥ ሲደርስ አዲስ አበባ መሄድ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ገበያው ዳር ቆመን ነበር፤ የፈረሱን ልጓም ይዘዋል። ዝም አሉ። ከዚያ በአገውኛችን፣ "በፈረስ ስንት ቀን ነው?" አሉኝ።

ገባኝ። እኛ ቤት ሽማግሌ አይሆንም አይልም፤ ይጠይቃል። ላሟን ለመሸጥ ለሚፈልግ ልጅ፣ "ወተት ከየት ልንጠጣ ነው?" ይባላል፤ ልጁም ላሟን አይሸጥም። ለጥያቄው መልስ መስጠት ጨዋነት የጎደለው ነገር ነው። እኔም ጨዋ ልጅ ነበርኩ። አልመለስኩም። ባሕር ዳርን አንደኛ አድርጌ ሞላሁ፣ ደረሰኝ፣ ሄድኩ፣ መምህር ሆንኩ። ባሕር ዳርን አልወቅስም፤ ከተማው ያምራል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ዝናብ አይገባም ነበር። ግን ከሁሉም ሰው ጋር በሁሉም ነገር ስከራከር የኖርኩ ሴት፣ ባልተከራከርኩበት በዚያ አንድ ቀን ላይ ዛሬም አንዳንዴ እመለሳለሁ።

ስለዚህ ልጄ በርጩማዋን ይዛ ስትገባ፣ እንግዲህ ሁለተኛዋ ናት አልኩ።

ፈተናው ተራዘመ። በታብሌት ይሰጣል ተባለ፤ ቀረ፣ በወረቀት ነው ተባለ። ቀን ተቆረጠ፣ ቀኑ ተነሳ። የግድግዳው ወረቀት በየጊዜው ሲሰረዝና ሲደለዝ ቆይቶ ሻንጣው ብቻ ነው የሚታየው ሆነ። መንገድ ሲከፈት ልጄን ድንች ለማውጣት አያቷ ዘንድ ላክኋት። ደብተሮቿን ይዛ ሄደች፣ ጠዋት ጠዋት ድንች ታወጣለች፣ ከሰዓት ከጣራው ክፈፍ ሥር ቁጭ ብላ ታጠናለች። ለአሥር ቀን ብላ ሄዳ ሁለት ወር ቆየች። ስትመለስ ሰውነቷ ጠንክሮ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ ስለ ፈረስ የማይጠየቅ ነገር ታውቅ ነበር። ፈረስ በቀን ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ከዚያ ካለፈ ጀርባው ይላጣል፤ ሰንበት ማረፍ አለበት፤ ቁልቁለት ላይ ወርዶ መሳብ ነው። ለፈተናው ከዚህ የሚመጣ ነገር ካለ ልጄ አንደኛ ናት አልኩ።

ፈተናውን በማስክ ሆነው ተፈተኑ፣ በየወንበሩ አንድ አንድ እየሆኑ። ውጤቱ መጣ። ጥሩ ነበር፤ እናቷ ስለሆንኩ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከውጤቱ በኋላ የምርጫው ነገር መጣና ሰፈሩ ሁሉ ጠንቋይ ሆነ። ጎረቤታችን፣ የተንገላታው ልጅ እናት፣ የራሷ ሕግ ነበራት። የምትፈልጊውን አንደኛ አታድርጊ፣ የሚሰጡሽ ሁለተኛውን ነው ትላለች። ሌላው ደግሞ አምስተኛውን ነው ይላል። እኔ ሕግ አላወጣሁም፤ ያወጣሁት ተንኮል ነው። ለልጄ እንዲህ አልኳት፦ ለአባባ ባሕር ዳርን አንደኛ አድርጌያለሁ በያቸው፤ ቅጹ ላይ አርባ ምንጭን አንደኛ ሙይ። የደረሰሽ ጊዜ፣ "መደቡኝ" ነው የምትይው። ምደባ የሚባለው ነገር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ማንም አልመረጠም፣ ማንም አይጠየቅም። በዚህ አገር ስንት ልጅ በዚህች ቃል ከቤቱ እንዳመለጠ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

ልጄ ደብተሯን ዘጋች።

"አንቺ ለአባባ ዋሽተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"እና እኔ ልጀምርልሽ?"

የምላስ ነገር ከእኔ ወርሳለች፤ ሌላው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ቅዳሜ ሲመጡ ራሴ እነግራቸዋለሁ አለች። እኔ አትንገሪያቸው ብዬ ለመንኳት። ለእሷ ብዬ አልነበረም፤ ያንን ጥያቄ ሁለተኛ ጊዜ መስማት ስላልፈለግኩ ነው።

ቅዳሜ መጡ። ያን ጊዜ ገበያው ተከፍቶ፣ ሰው ተቃቅፎ መሳሳም ጀምሮ፣ ማስክ ኪስ ውስጥ የሚኖር ነገር ሆኖ ነበር። አባቴ ግን አሁንም ከፈረስ አይወርዱም። በሽታውን ፈርተው ነው የሚል የለም፤ ከዚያ ላይ ሆኖ መደመጥ ለምዶባቸው ነው። እኔ የማድ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ፣ እጄ ሊጥ ነበር። ልጄ የፈረሱን ግንባር እየዳበሰች ቆማ፣ ሳትቸኩል ነገረቻቸው። አርባ ምንጭ የሚባል አገር አለ። ሁለት ሐይቅ አለው። እዚያ ስለ ውሃ ያስተምራሉ። ከሁሉ በፊት እሱን ልሞላ ነው፤ ሳይመርቁኝ ግን አልሞላም።

አባቴ ዝም አሉ። ዝምታውን አውቀዋለሁ፤ ዳንግላ ገበያ ዳር ሰምቼዋለሁ።

"በፈረስ ስንት ቀን ነው?" አሏት፣ በአማርኛ።

እኔ ዓይኔን ወደ ሊጡ መለስኩ።

"ሃያ ስድስት" አለች ልጄ።

ቀና ስል ከቀሚሷ ኪስ የታጠፈ ወረቀት እያወጣች ነበር። የድንቹን ወቅት ምን ስትሠራ እንደከረመች ያን ጊዜ ገባኝ። እስከ ማርቆስ፣ እስከ ዓባይ፣ ዓባይ በረሃን መውረድና መውጣት፣ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ። ለእያንዳንዱ ቀን የሚታደርበትን ከተማ ጽፋለች። ሰንበት ሰንበት ዕረፍት ነው። አያቷ ጠየቋት፣ እሷም የተጠየቀችውን መለሰች። ከሠላሳ ዓመት በላይ በመጻሕፍት መካከል ስኖር ያልመጣልኝ ነገር ይህ ነበር።

አባቴ እግራቸውን ከእርካቡ አወጡ። ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል እዚህ ግቢ ውስጥ መሬት ሳይረግጡ። ቀስ ብለው ወረዱ፣ ወገባቸውን ያዙ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጡና ወረቀቱን አምጪ አሉ። ማንበብ አይችሉም፤ እሷ ጣቷን እያስኬደች ታነባለች፣ እሳቸው እያስቆሙ ይጠይቃሉ። ዓባይን ስንወርድ ውሃ የት ነው? ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለው ሰው ገብስ ይዘራል ወይ? ሶዶ ደጋ ነው?

"ወይና ደጋ ነው አባባ።"

"አርባ ምንጭስ?"

"ቆላ ነው።" ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ አለ። "ገንዲ ያለበት ነው አሉ።"

እዚህ ላይ ያልቃል ብዬ አሰብኩ። አባቴ ወደ ፈረሱ አዩ። ዳማው ጆሮውን ወደ ኋላ አድርጎ ቀርከሃውን ያኝካል፣ ስለ እሱ እንደሚወራ ያወቀ ይመስላል።

"እንግዲያ ፈረሱን ሶዶ ላይ አሳድሬ፣ የቀረውን በእግሬ እወርዳለሁ" አሉ። "ይደረሳል።"

ከዚያ ተነስተው መረቋት። በአገውኛ ስለሆነ ግማሹን ብቻ ነው የገባት፤ ቢሆንም በየመሐሉ አሜን አለች። እኔ ሊጥ በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ፣ ሁሉንም እየገባኝ፣ አንድም አሜን ማለት አቃተኝ።

አርባ ምንጭን አንደኛ አድርጋ ሞላች። የመጀመሪያ ምርጫዋ ደረሳት። ጎረቤታችን እስከ ዛሬ አላመነችም፤ በጓዳ የተሠራ ነገር አለ ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ከሁለት ሳምንት ኩርፊያ በኋላ "ኢንጂነርዬ" ማለት ጀመረ። በዚያ ዘመን መንገድ የሚዘጋው በበሽታ ብቻ አልነበረም፤ ስለዚህ እኔ ደግሞ ዕቅድ አውጪ ሆንኩ። የትኛው ከተማ ማን ዘመድ አለ፣ ስልኩ ስንት ነው ብዬ በሦስት ቀለም ጻፍኩ። ልጄ ወረቀቱን አይታ ምንም አላለችም። ይህ ከእኔ የወረሰችው አይደለም።

የምትሄድ ቀን አባቴ ማለዳ መናኸሪያው በር ላይ ደረሱ። ከኮርቻው ኋላ ያሰሩትን ፈትተው ሲያወርዱት አንድ ወፍራም ከረጢት በሶ ነው። ለሃያ ስድስት ቀን፣ ለአንድ ሰው ተብሎ የተለካ፤ ሦስት ቀን ደግሞ ለዝናብ ተጨምሮበታል። በአውቶቡስ በሦስተኛው ቀን እንደምትገባ ነገርኳቸው። መኪናው መንገድ ላይ ቢቆምስ አሉ። ረዳቱ ከረጢቱን ወደ ጣሪያው ሲያወጣ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ልጄ ስንቄ ነው ብላ ቀጥ ብላ መለሰች፣ ያለ እፍረት። በሶው እስከ ጥር ድረስ አላለቀም። አንድ ሙሉ የመኝታ ክፍል ልጆች፣ ከአምስት አቅጣጫ የመጡ፣ በአባቴ ገብስ እየበጠበጡ ከርመዋል። አንዷ በስኳር፣ አንዷ በሚጥሚጣ ነው የምትወደው ብላ ልጄ በስልክ ስትነግራቸው አባቴ ስለ ሚጥሚጣዋ ልጅ በጣም አዘኑ።

አውቶቡሱ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ታጥፎ ከዓይናችን ሲጠፋ እኔና አባቴ ዳማውን በመካከላችን አድርገን ቆመን ነበር። እሳቸው የኮርቻውን መቀነት እየፈተሹ ነበር። ሌላ ጊዜ አይገኝም ብዬ ጠየቅኋቸው። የተነጋገርነው በአገውኛ ነው፤ አማርኛው የእኔ ነው።

"ያኔ ዳንግላ ላይ፣ አዲስ አበባ ስልዎት፣ በፈረስ ስንት ቀን ነው ብለውኝ ነበር።"

"ብዬሻለሁ።"

"አሥራ ሁለት ቀን ብልዎት ኖሮስ?"

መቀነቱን ለቀቁት። አላሰቡበትም፤ ሒሳቡ አፋቸው ላይ ነበር፤ ሲጠብቅ የኖረ ሒሳብ።

"ያን ጊዜ የነበረኝ ፈረስ ወጣት ነበር" አሉ። "በዘጠኝ ቀን እገባ ነበር።"

አባቴ ፈረሱ ላይ አልወጡም። ልጓሙን በእጃቸው ይዘው፣ ፈረሱን እየመሩ ወደ ቤት በእግራቸው መሄድ ጀመሩ፤ እኔም በፈረሱ ማዶ እኩል እራመዳለሁ። ካፊያ ጀምሯል። ትንሽ ከሄድን በኋላ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይመልሱ፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ።

ጥያቄ ነበር። እስከ ቤት ድረስ መለስኩላቸው።